ፊት የሌለው ጠያቂ

ዓርብ ጧት ሽማግሎቹ እስራኤል አገር፣ ገዴራ ከተማ፣ ሻፒራ ሰፈር፣ የእናቷን ቤት ደረጃ ሲወጡ የሺዓለም አንደኛውን ገና አፉን ሳይከፍት ጠላችው። አያ ወርቅአፈራሁ ይባላል፤ የሙሽራው አጎት ነው። ነጭ ጋቢውን በትከሻው ጥሎ፣ ከዘራውን ለመደገፊያ ሳይሆን ለማማሪያ ይዞ፣ ፈገግታውን አስቀድሞ የሚገባ ዓይነት ሰው። ሰውን ያለ ምክንያት መጥላት ነውር ነው ይባላል። ይሁን። ሆድ ግን አንዳንዴ ከራስ ቀድሞ ያውቃል።

የመጡበት ጉዳይ ደግ ጉዳይ ነበር። ታናሽ እህቷን ጠጅቱን ባር ለሚባል የቅርያት መላኪ ከተማ ልጅ ሊጠይቁ ነው። ባር የቤት ማቀዝቀዣ እየጠገነ የሚኖር፣ ዝምተኛ፣ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ጥቁር ቅባት የማይጠፋው ልጅ ነው። ሁለቱ ከተዋወቁ ዓመት አልፏቸዋል፤ በራሳቸው ተስማምተዋል፤ የቀረው የወላጅ ቃል ብቻ ነበር። እናታቸው አማረች ከማለዳ ጀምራ ወለሉን ስትወለውል፣ ትራሱን ስታቀና፣ ደግሞ ስትወለውል አርፍዳለች።

ወጉ በወጉ ሄደ። ተመራረቁ። ስለ ጎንደር ዝናብና ስለ ገዴራ ሙቀት አወሩ። ከዚያ በዕድሜ የሚበልጠው ሽማግሌ ሰባት ቤት መቆጠሩን፣ በአባትም በእናትም ወገን ዝምድና አለመገኘቱን ተናገረ። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው፤ በቤተ እስራኤል ወግ ሰባት ትውልድ ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። አማረች እፎይ አለች። ጠጅቱ ለስላሳ መጠጥ በትሪ ይዛ ገባች።

አያ ወርቅአፈራሁ ያን ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንዲት ነገር ብቻ እቴ አማረች» አለ፣ ጨው እንደሚለምን ሰው ቀለል አድርጎ። «ልጃችን ያን የኀዘን መድኃኒት ትታዋለች? ወይስ አሁንም ትውጣለች? ክፉ አስበን አይደለም። ነገ መውለድ አለ፣ ልጅ ማሳደግ አለ።»

«የምን መድኃኒት?» አለች አማረች። እውነቷን ነው፤ አታውቅም ነበር።

ጠጅቱ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንድም ብርጭቆ አልተንኳኳም። ዞራ ወደ ክፍሏ ገባችና በሩን ቆለፈችው። ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አያ ወርቅአፈራሁ ግን ብርቱካን ጭማቂውን አነሣና ጠጣ።

ከሐኪሟ በቀር ነገሩን የሚያውቁት ጠጅቱን ጨምሮ ሦስት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ጠጅቱ ከውትድርና ስትመለስ እህል አልቀምስ ብላ፣ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጣ መዋል ጀምራ ነበር። እናቷ «ድካም ነው» ብላ አለፈችው። የሺዓለም ግን እጇን ይዛ ቅርያት መላኪ፣ የጽናት ማኅበር ወደሚባለው ቤት ወሰደቻት፤ ገዴራ ውስጥ ሁሉም ያውቃቸዋልና። እዚያ ታፈሰች የምትባል አማካሪ ነበረች። ጠጅቱ ለታፈሰች የሆዷን ተናገረች፣ ሐኪምም አየቻት፣ መድኃኒቱንም ወሰደች፣ ዳነች። አሁን መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ትሠራለች፤ ሕፃናቱ ቀሚሷን ይዘው አይለቋትም። ነገሩ አልፎ ነበር።

ሽማግሎቹ «በመጪው ዓርብ ለቃል እንመለሳለን» ብለው ሲወጡ፣ የሺዓለም የእህቷን በር አንኳኳች።

«ባር ነው የላካቸው?» አለች ጠጅቱ ከውስጥ። «እሱ ነው ያጣራው?»

«አላውቅም።»

«እወቂልኝ። እሱ ከሆነ አልፈልገውም። መታመሜን ስላወቀ አይደለም፤ ራሴ ልነግረው ነበር። ከኋላዬ ዞሮ ከሆነ ግን አልፈልገውም። ከእንደዚያ ያለ ሰው ጋር እንዴት አንድ አልጋ ላይ ይተኛል?»

የጠጅቱ ስልክ ቀኑን ሙሉ ጮኸ። ባር ነበር። አላነሣችውም።

እሑድ ጧት፣ በዚያ አገር የሥራ ቀን ነውና፣ የሺዓለም ሥራዋን ትታ ቅርያት መላኪ ወረደች። አውቶቡሱ ውስጥ ለታፈሰች የምትላትን ስታዘጋጅ፣ ስድብ ስትመርጥ፣ የመረጠችውን ስትጥል፣ ሌላ ስትመርጥ ደረሰች። ማኅበሩ ያረጀ ፎቅ ምድር ቤት ነው። ታፈሰች ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች፤ መነጽሯ ከአፍንጫዋ ጫፍ ወርዷል።

«እቴ ታፈሰች፣ እህቴን ለማን አወሩባት?»

ታፈሰች መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ።

«እኔ? ባሌ እንኳ የማን ልጅ ምን እንዳለችኝ አያውቅም። አንድ ትራስ ተንተርሰን፣ አያውቅም! የሰማሁትን ጻፍሁ። ጻፊ ይሉኛል፤ ሥራው ነው። የጻፍሁትን እዚያ መሕሼቭ ውስጥ ከተትሁ፣ አበቃ።» ኮምፒዩተሯን በጣቷ ወጋችው።

«ማን ይገባበታል?»

«እኛ ብቻ። ከዚህ ቤት ውጭ ማንም።»

ከዚህ ቤት ውጭ ማንም። የሺዓለም ይህን ቃል ሌላ ቦታ ሰምታው ነበር፤ መሥሪያ ቤቷ። ለታፈሰች የመረጠችው ስድብ ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

የሺዓለም ያቭነ ከተማ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ትሠራለች። ሥራዋ ሌሎች የሠሩትን መፈተን ነው፤ ሌባ ከማግኘቱ በፊት ቀዳዳውን እሷ እንድታገኘው ነው ደመወዝ የሚከፈላት። ይህ ማኅበር ደግሞ የድርጅቱ ደንበኛ ነበር። በዚያ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ፣ በየቤቱና በየማኅበሩ ያሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች የግእዝ ፊደል አያውቁም፤ ሰው ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ ወሬ ሊያነብ ሲከፍት ከፊደል ይልቅ ባዶ ባዶ ሳጥን ይደረደርበታል። ስለዚህ ድርጅቱ ለማኅበሩ «መልእክተኛ» የተባለ ፕሮክሲ ሠራ። ነገሩ ቀላል ነው። የምትፈልገውን ገጽ አድራሻ ትጽፍለታለህ፤ መልእክተኛው በአንተ ፈንታ ሄዶ ገጹን ያመጣና ፊደሉን ወደ ሥዕል ለውጦ ያሳይሃል። ሽማግሎች ወደዱት። ሥራው መልካም ሥራ ነበር፤ የሺዓለምም ኮርታበት ነበር።

ክፋቱ፣ መልእክተኛው የሚላክበትን ቦታ አይመርጥም። ሂድ ከተባለ ይሄዳል። የሚኖረውም ማኅበሩ ቤት ውስጥ፣ ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል፣ ማኅበሩ የሚያማክራቸው ቤተሰቦች ሁሉ ፋይል ካለበት ኮምፒዩተር አጠገብ፣ በአንድ ገመድ ተያይዞ ነው። የፋይሉ ኮምፒዩተር ከውጭ የመጣን ሁሉ ይመልሳል። ከቤት ውስጥ የሚጠይቀውን ግን የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ መልእክተኛው ደግሞ የቤት ልጅ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው መልእክተኛውን «ሂድና የጎረቤትህን ፋይል አምጣልኝ» ቢለው፣ ሄዶ ያመጣለታል። የፋይሉ ኮምፒዩተር ማን እንደላከው አያይም፤ የሚያየው የመልእክተኛውን ፊት ብቻ ነው። የሺዓለም ይህን ቀዳዳ ገና ሥራው ሳይወጣ አግኝታ ለአለቃዋ ነግራው ነበር። አለቃዋም «ዘግቼዋለሁ» ብሏት ነበር።

ታፈሰችን ትታ ወደ አዳራሹ ገባች። ጥቂት ኮምፒዩተሮች ተደርድረዋል፤ ማንም ሰው ገብቶ ይቀመጣል። አንዱ ላይ ተቀመጠችና ለመልእክተኛው የፋይሉን ኮምፒዩተር ስም ጻፈችለት። «አይፈቀድም» አላት። ልቧ ትንሽ መለስ አለ። ቀጥላ በስሙ ፈንታ ቁጥሩን ጻፈች፤ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ከስሙ ሌላ የሚጠራበት ቁጥር አለውና።

ወለል ብሎ ተከፈተ። ፊደሉ ሁሉ ጥርት ብሎ፣ አምሮ፣ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ተሰድሮ መጣ። የሰው ስም፣ በስሙ ሥር የሰው ሕመም፣ የሰው ጠብ፣ የሰው እንባ። ፈጥና ዘጋችው። ዓይን ግን ከእጅ ይፈጥናል፤ የማታውቃት ሴት ባሏ በምን እንደሚመታት አንብባ ነበር የዘጋችው። ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገብታ እጇን በሳሙና ታጠበች። ለምን እንደምትታጠብ ራሷም አታውቅም። ደግማ ታጠበች።

ስትወጣ ነጠላ የለበሱ፣ መልካቸው ደግ የሆነ እናት ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«ልጄ፣ ስትጽፊ አየሁሽ። አንቺም እንደ አልሞግ ቤት ታሳያለሽ?»

«የምን ቤት?»

«የሰው ቤት ነዋ። ሰባት ቤት። ልጄን ሊጠይቋት ነው፤ የልጁን ወገን ላጣራ ብዬ ነበር። አልሞግ ዛሬ የለም አሉኝ። ነገ ነው የሚመጣው?»

ሴትዮዋ ይህን ሲሉ አላፈሩም። የዶክተር ቀጠሮ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር አነጋገራቸው። የሺዓለም ክንዷን አስለቅቃ ወጣች፤ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ የሴትዮዋ እጅ ክንዷ ላይ ያለ ይመስላት ነበር።

ከዚያው በቀጥታ ያቭነ ሄደች። አለቃዋ ያሪቭ ጠረጴዛው ላይ እግሩን ሰቅሎ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል። ይህ ልማዱ ነው፤ ቅርፊቱን በከንፈሩ እያሾለከ ወረቀት ኩባያ ውስጥ ይተፋል፤ አንዳንዱ ይስታል። የሺዓለም ከአንድ ሰው ጋር ለመሥራት ያን ያህል ምራቅ ማየት እንደሚያስፈልግ ስትቀጠር ማንም አልነገራትም።

ያየችውን ነገረችው፤ በዕብራይስጥ፣ ቶሎ ቶሎ።

«ያንን ዘግተነዋል» አለ።

«ስሙን ዘጋህ። ቁጥሩን አልዘጋህም። ያኔም ብዬህ ነበር፤ መልእክተኛው ወዴት እንደሚሄድ ራሱ ይመርምር፣ ወደ ቤት ውስጥ ጨርሶ አይላክ ብዬህ ነበር።»

«ከውጭ የገባ ሰው አለ?»

«እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው...»

«አየሽ፣ የራሳቸው ሰዎች ናቸው፤ በራሳቸው ቤት። ደንበኛው ደውሎ ተማርሯል? አልተማረረም።» ቅርፊት ተፋ። «ከበዓል በኋላ አዲሱ ሥራ ሲወጣ አብሮ ይስተካከላል። ቤሰደር? እሺ?»

«ደንበኛው እኮ አያውቅም! ታካሚዎቹ አያውቁም!»

«እንግዲያው ማን ተጎዳ?» አለ ያሪቭ፤ ክፉ ሰው ስላልሆነ ደግሞ ድምፁን አለሰለሰ። «የሺ፣ ቅር አይበልሽና፣ የእናንተን ሰዎች ፋይል ማን ይፈልገዋል?»

የሺዓለም መልሱን ታውቀው ነበር።

«እኛው» አለችው።

አልገባውም። የሱፍ ፍሬውን ከረጢት ዘረጋላት፤ ሳትነካው ወጣች።

ሰኞ ከቀትር በኋላ አልሞግን አዳራሹ ውስጥ አገኘችው። የባር የአክስት ልጅ ነው፤ ጸጉሩን በቅባት ሽቅብ ያቆመ፣ ከውትድርና ከተመለሰ ወዲህ ለማኅበሩ አዳራሽ ጠባቂ የሆነ ልጅ። ዙሪያውን ሽማግሎች ከበውታል። አንዱ ወንበር ይስብለታል፣ ሌላው ትከሻውን ይመታል፣ ሦስተኛው ከረሜላ ኪሱ ውስጥ ይከትለታል። ስታያቸው ሥጋ ቤት በር ላይ የሚሰለፉ ድመቶችን አስታወሷት። «ላናግርህ» ብላ ወደ ውጭ አወጣችው።

«ማ ካራ?» አለ፤ ምን ተፈጠረ ማለቱ ነው።

«የእህቴን ፋይል ለአያ ወርቅአፈራሁ አንተ ነህ ያነበብህለት?»

አልካደም። ይህ ደግሞ ከመካድ ባሰባት።

«እኔ ምን አደረግሁ? ላኩኝ፣ ሄድሁ። ሽማግሌ ሲልክህ እምቢ ይባላል? መጀመሪያ አንድ ሰውዬ የወንድሜ ጉዳይ ከምን ደረሰ እይልኝ አለኝ። ሞከርሁ፣ በስሙ እምቢ አለ፣ በቁጥሩ ገባ። ከዚያ ተወራ። ምን ላድርግ? ድሮ በአጠገባቸው ሳልፍ ‘ይሄ ጸጉሩን ያቆመ ዱርዬ’ ነበር የሚሉኝ። አሁን ብድግ ይሉልኛል! እነሱ ሰባት ቤት ይቁጠሩ እንጂ እኔ ምን አገባኝ? ሚንሃግ ነው፤ ወግ።»

«ወግ?» የሺዓለም ድምፅ ከአቅሟ በላይ ወጣ። «ወጉን ላስተምርህ? ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው በእግሩ ይሄዳል። በር ያንኳኳል። የእገሌ ልጅ ነኝ፣ ለእገሌ ልጅ ነው የመጣሁት ይላል። የሚጠይቀው የዘር ሐረግ ነው እንጂ እንባ አይደለም። የተጠየቀውም ማን እንደጠየቀው ፊቱን ያያል፤ ነውር ቢጠይቅ ይታዘበዋል፣ ያባርረዋል። ለዚህ ነው ወግ የሆነው! እናንተ ፊታችሁን ደብቃችሁ፣ ግዑዝ ዕቃ ልካችሁ፣ የሰው ሆድ ትበረብራላችሁ። ይህ ሌብነት ነው። ሌባ እንኳ ይፈራል፤ እናንተ ወንበር ስባችሁ፣ ከረሜላ እየመጠጣችሁ!»

አልሞግ መሬት መሬት አየ። አፍሮ ይሁን ሰልችቶት አልለየችም።

«ባርስ?» አለችው። የመጣችበት ጥያቄ ይህ ነበር። «ባር ነበር?»

«ነበር። አጎቴ ጎትቶ አመጣው። ገጹ ሲመጣ ማንበብ ጀመርሁ፤ አጎቴ ማንበብ አይችልም። የጠጅቱን ስም ሲሰማ ባር ‘ዲ!’ አለ፤ ተው በቃ አለ። እኔ አላቆምሁም፣ አጎቴ ቀጥል ይለኛላ። ባር ወንበሩን ገፍትሮ ወጣ። ‘የምትነግረኝ እሷ ናት፣ ካልነገረችኝም የራሷ ነው’ ብሎ ጮኸብን። ከዚያ ወዲህ አጎቴን አያናግረውም፤ እኔንም።»

የሺዓለም ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነፈሰች መሰላት። አንድ ንጹሕ ሰው አለ። አንድ ይበቃል። ወደ ውስጥ ልትመለስ ስትል አልሞግ ከኋላዋ ጠራት። የተሰደበ ወጣት ስለሆነ፣ የተሰደበ ወጣት የሚያደርገውን አደረገ።

«እኔን ብቻ ለምን ትጮሂብኛለሽ? እናትሽም መጥታ ነበር። ሽማግሎቹ ቤታችሁ ከመምጣታቸው በፊት። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ የባርን ፋይል አስነብባኝ ሄዳለች። እስከ መጨረሻው።»

ገብታ ለታፈሰች ሁሉንም ነገረቻት። ታፈሰች ከመሳቢያዋ ቁልፍ አወጣች፤ ሁለቱ ሴቶች ያችን ጠባብ ክፍል ከፍተው የመልእክተኛውን ገመድ ነቀሉት። ገመዱን ታፈሰች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ክፍሉንም ቆለፈችው። አዳራሹ ውስጥ ወዲያው ሁካታ ተነሣ፤ «አማርኛው ጠፋብን!» እያሉ ይጣሩ ጀመር። የባሕር ማዶ ወሬ ለማንበብ የመጡም ይኖሩባቸዋል፤ የሺዓለም ግን ያን ሰዓት ለማንም አላዘነችም።

«ለኃላፊዎቹ እኔ ራሴ እነግራለሁ» አለች ታፈሰች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ለቤተሰቦቹም እነግራለሁ፤ አንድ በአንድ፣ ቤታቸው ሄጄ። እንዴት ብዬ ፊታቸውን እንደማይ እንጃ።»

ገዴራ ስትደርስ ፀሐይ እየወረደች ነበር። መጀመሪያ ወደ እህቷ በር ሄደች። ባር እንዳልላከ፣ ማንበብ ሲጀመር ወጥቶ እንደሄደ፣ ምን ብሎ እንደጮኸ ነገረቻት። ጠጅቱ በሩን ከፈተች። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ብቻ ከብዙ ቀን በኋላ የሰው ፊት ሆነ። ስልኳን አነሣችና ስትደውል በሩን መልሳ ዘጋች።

እናቷ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ናት፤ ከጽዳት ሥራዋ ገብታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ሳፋ ውስጥ ነክራለች። የሺዓለም አጠገቧ ተቀመጠች። ልትጮህ ነበር የመጣችው። ያበጡትን እግሮች ስታይ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«እማ፣ አልሞግ ዘንድ ሄደሽ ነበር?»

አማረች ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሄድሁ። እና? ልጄን ለማላውቀው ሰው ልስጥ?»

«ጠይቀሽ ማወቅ አይቻልም?»

«ማንን ልጠይቅ? እዚህ አገር ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል? አገራችን ቢሆን ከወንዝ ማዶ ያለውን ሁሉ አውቀው ነበር። እዚህ ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚኖር።» ከዚያ፣ የሺዓለም እስከ ዛሬ ባታየው የምትመርጠውን ነገር አደረገች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «ያንን ወርቅአፈራሁን አታዪውም! የኛን ገመና ይዤ ልግባ ብሎ። የራሳቸውን አያውቅም መሰለኝ። ያ የናንተ ባር፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ፣ እስከ አሥራ አራት ዓመቱ ፍራሽ ያረጥብ ነበር! ፍራሹን በየጧቱ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ነበር፣ ልጆቹም እያዩት! ዓርብ ይምጣ ብቻ፤ መድኃኒት ቢለኝ ፍራሽ እለዋለሁ። እኩል ነን። ከዚህ በኋላ ማንም ማንንም አይንቅ።»

የሺዓለም እናቷን አየቻት። ያሳደገቻት ሴት ናት። የምትወዳት ሴት ናት። ደግሞም ቅፍፍ አላት፤ ቆዳዋ ላይ የሆነ ነገር እንደሄደባት ሁሉ።

በሩ ተከፍቶ ነበር። ጠጅቱ ስልኩን ደረቷ ላይ በመዳፏ ሸፍና ቆማለች። ምን ያህል እንደሰማች ፊቷ ይናገራል።

«የእኔ ሲነበብ እሱ ወጥቶ ሄደ፣ እማ» አለች። «አንቺ የእሱን ተቀምጠሽ ጨረስሽው።»

«ልጄ፣ ላንቺ ብዬ እኮ...»

«ሠርጉ አለ። ቃሉን የምንሰጠው ግን እሱና እኔ ነን። ዓርብ ማንም ሽማግሌ ይህን ደረጃ እንዳይወጣ ንገሪያቸው፤ ወጥተው ካገኘኋቸው እኔ እወርዳለሁ። ስወርድ ደግሞ አልመለስም።»

ገባች። በሩ ሲዘጋ ድምፅ አልነበረውም።

አማረች ሳቋ ፊቷ ላይ እንደደረቀ ቀረ። እግሯን ከሳፋው አወጣች፣ መልሳ ነከረችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ስለ ራሷ የሚወራውን እስከዚያ ሰዓት አስባው አታውቅም ነበር። አሁን ሲመጣባት የሺዓለም ከዓይኗ አየችው።

«የሺ» አለች በሹክሹክታ። «ያ የአልሞግ ነገር አሁንም ይሠራል?»

«ተዘጋ። ገመዱን ነቅለነዋል።»

«ጨርሶ? የማይመለስ ነው?»

«ለምን?»

አማረች ወደ ተዘጋው በር አየች፤ ወደ ሳፋው አየች። ጣቶቿ ነጠላውን ጠምዝዘው ያዙ።

«ጠጅቱ ለዚያች ሴትዮ ስለ ሕመሟ ስትነግር...» አለች። «መቼም ስለ ቤቷ ትነግራለች። ስለ እኔ ምን ብላ ይሆን? እናቴ ናት ያሳመመችኝ ብላ ይሆን? እህል አልበላም ስትል ‘ድካም ነው’ ያልኋትን ነግራት ይሆን? የኔ ልጅ፣ አንቺ ሥራሽ ነው፣ ታውቂበታለሽ። ገመዱን አንድ ጊዜ ብቻ መልሰሽ፣ ያችን ብቻ እይልኝ። ሌላ አላስቸግርሽም።»

የሺዓለም ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ቁጣው አልመጣላትም። የመጣላት ከቁጣ የከፋ ነበር፤ ተጸየፈቻት፣ ደግሞም አዘነችላት።

«እማ፣ ልጅሽ ያቻትና። በሩ ያው። አንኳኪና ጠይቂያት።»

«ፊቷን እያየሁ?»

«ፊቷን እያየሽ።»

አማረች እግሯን በፎጣ ሳታደርቅ ተነሣች። ወለሉን እያረጠበች ወደ በሩ ሄደች። ከውስጥ የጠጅቱ ድምፅ ይሰማል፤ ለባር የሆነ ነገር ቀስ ብላ ትነግረዋለች። አማረች ለማንኳኳት እጇን አነሣች። ከዚያ እጇን አወረደችና፣ ጎንበስ ብላ፣ ጆሮዋን ከበሩ ላይ ለጠፈች።